ነፋስ ገደለው የተባለው ሰው

ሽማግሌው ራዶሚር በገና ማግስት ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ መንደሩ ገዳዩን ለማወቅ ቁርስ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየም። ገዳዩ ነፋስ ነው፤ ነፋሱን ያስገባችው ደግሞ ምራቱ ያጎዳ ናት። ሰውየው እያሳለው ተኝቶ ሳለ የመኝታ ቤቱንና የወጥ ቤቱን መስኮት ባንድ ጊዜ ከፍታ በነፋስ አስመታችው ተባለ። በሞራቫ ወንዝ ዳር ከመስኮት ወደ መስኮት የሚያልፍ ነፋስ ከጥይት ይልቅ ይፈራል። አንገት ያጣምማል፣ ጥርስ ያሳምማል፣ ሲብስበትም ይገድላል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ እናት ያላሳደገችው ነው።

ለፖሊስ ያመለከተችው የሟች ልጅ ዴሳንካ ነበረች። ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ የወጣች፣ በጤና ነገር መንደሩ ሁሉ ቃሏን የሚሰማላት ሴት ናት። ጣቢያው ማመልከቻዋን በሳቅ ሊያልፈው ነበር። ነገር ግን አቤቱታ አለ ተብሎ አስከሬኑ ስለተመረመረ፣ ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት ሳቁን አቆመው። ሁለቱም ሳንባዎች በኢንፌክሽን ተሞልተዋል ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሐኪሙ የሟችን የስኳር መጠን ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፤ ከሰባት ስምንት ማለፍ የሌለበት ቁጥር ሠላሳ ሁለት ደርሷል።

ኢንስፔክተር ኮሳራ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ መንደሩ ነዳች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሰው ሲዋሻት እንደ ማንቀላፋት የሚያደርጋት ሴት ናት። ወንጀለኞች በዚህ ተታለው ብዙ ያወሩላታል።

ዴሳንካ በጥቁር ልብስ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀበለቻት።

«መስኮቱን የከፈተችው መቼ ነው?» አለች ኮሳራ።

«ገና ሁለት ቀን ሲቀረው። በዓይኔ አየሁት እኮ! ሁለቱም ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አባቴ መሐል ላይ ተጋድሞ። ይህ መግደል ካልሆነ መግደል ምንድን ነው?»

«ስኳር እንደነበረባቸው ሰምቻለሁ። ኢንሱሊኑን ማን ነበር የሚወጋቸው?»

«ማን ይሆናል? እኔ ነኛ! በየጠዋቱ እመጣለሁ፣ እለካዋለሁ፣ እወጋዋለሁ፣ እጽፋለሁ። ደብተሩ ይኸውልዎ።»

ደብተሩ ንጹሕ ነው። ሰባት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። የገና ዕለትም ሰባት ይላል። ኮሳራ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን አደረገች።

«ስኳራቸው እንዲህ የተስተካከለ ከሆነ ጎበዝ ነርስ ነዎት፣ እትዬ ዴሳንካ።»

«ሙያዬ ነዋ» አለች ዴሳንካ፣ ግን ፊቷ አልፈካም።

ያጎዳን ያገኘቻት ጓሮ እንጨት ስትፈልጥ ነው። እንግዳ ስታይ መጥረቢያውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጠይቅሽ ነው። ለምን ከፈትሽው?»

«ክፍሉ ይሸት ነበር። አባባ አልጋው ላይ መሽናት ጀምሮ ነበር፤ በኀፍረት ዓይኔን ማየት አቅቶት። ውሃ ይጠጣል፣ ይሸናል፤ ደግሞ ይጠጣል። በሦስት ብርድ ልብስ ሸፍኜው ነው የከፈትኩት።»

«ውሃ ጥሙ ከመስኮቱ በፊት ነው በኋላ?»

«ኧረ በፊት! ከገና ሃያ ቀን ያህል በፊት የቅዱስ ኒቆላዎስን ድግስ በላን አይደል፤ ከዚያ በሳምንቱ ነው የጀመረው። ለዴሳንካም ነገርኳት። የዓሣው ጨው ነው አለችኝ።»

«ድግሱን አብረሽ ሠራሽ?»

«የት አባቴ! እናቴ ታማብኝ እዚያ ነበርኩ። የደረስኩት እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ይኸው እስከዛሬ በሱም እሰደባለሁ።» መጥረቢያውን አንሥታ ግንዱ ላይ ሰካችው። «ትናንት ለቅሶ የመጡ ሴቶች እኔ ያቀረብኩትን ዳቦ አልነኩም። ሚላዲን ደግሞ፣ ባሌ፣ አርባው እንዳለፈ ወደ እናትሽ ሂጂ ብሎኛል። አሥራ አምስት ዓመት አባቱን ሳጥብ ኖሬ፣ እንደ ገዳይ መባረሬ ነው።»

ኮሳራ ሳታጽናናት ወደ ጎረቤት አለፈች። እውነቱን ሳይዙ ማጽናናት ባዶ ተስፋ መስጠት እንደሆነ ታውቃለች።

ጎረቤቱ ስሬተን ከሟች ጋር አርባ ዓመት አረቄ የጠጣ ሽማግሌ ነው። ገና በሩን ሳትገፋ ማልቀስ ጀመረ።

«አንቺ ልጅ፣ ገዳዩን ከፈለግሽ እኔን ውሰጂኝ! ጉንፋኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከኔ ሚላዲን ያዘው፣ ዴሳንካንም ያጎዳንም ያዛቸው። ሁላችን ሦስት ቀን አስነጠስንና ተነሣን። እሱ ብቻ ቀረ።»

«አንድ ጉንፋን፣ አምስት ሰው፣ አንድ ሬሳ» አለች ኮሳራ ለራሷ። «ጋሼ ስሬተን፣ ድግሱ እንዴት ነበር?»

«ዴሳንካ ደግሳ ምን ይጎድላል! ጾም ቢሆንም የጎመን ጥቅሉ በሦስት ትሪ፣ ባቄላው በድስት፣ ዓሣው በየዓይነቱ። ፍሪጁ ውስጥ ዝንብ እንኳ መቆሚያ አልነበራትም።»

«ያልበቃውስ የት ተቀመጠ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ በሁለቱ መስታወት መካከል። ያን ሌሊት ብርዱ ጉድ ነበር። እዚያ ያስቀመጥኩት ቢራዬ ጠዋት ፈንድቶ አገኘሁት! እስከዛሬ ይቆጨኛል።»

ኮሳራ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። በዚያ አገር እንዳለ አሮጌ ቤት ሁሉ መስኮቱ ድርብ ነው፤ በውስጠኛውና በውጪው መስታወት መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት አለ፣ ክረምት ሲሆን ለእቃ ማቀዝቀዣነት ያገለግላል። ውስጠኛውን ከፍታ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሻሸች። ከዚያ ፍሪጁን ከፈተች፣ የኢንሱሊኑን ሣጥን አውጥታ ገለበጠችው፣ አንዱንም ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። በመጨረሻ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለው የመርፌ መጣያ ቆርቆሮ ውስጥ ባዶ ብልቃጦቹን ቆጠረች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚላዲን ከእኅቱ አጠገብ ተቀመጠ። ያጎዳ በሩ ሥር ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።

«ራዶሚርን ነፋስ አልገደላቸውም» አለች ኮሳራ። «ጋሼ ስሬተን ያመጡት ጉንፋን ሁላችሁንም ይዟል፤ ሳንባ ውስጥ የገባው ግን የሳቸው ብቻ ነው። ስኳር ሲንር ሰውነት ራሱን መከላከል ያቅተዋል። ሌላው በሻይ የሚሸኘው ጉንፋን እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ይጨርሰዋል። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔም ስኳር አለብኝ፤ በቀን ሁለቴ እወጋለሁ።»

«አባቴ ስኳሩ ሰባት ነበር!» አለ ሚላዲን። «ደብተሩ አለ።»

«ደብተሩ ሰባት ይላል፣ ሆስፒታሉ ሠላሳ ሁለት። ውሃ ጥሙም ሽንቱም የጀመረው ከመስኮቱ ከአሥር ቀን በፊት ነው። ስለዚህ ደብተሩ ይዋሻል። እየተወጋ ያለ ሰው ስኳሩ ለምን ናረ?» ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «የኔ ኢንሱሊን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ይሄም ዓይነቱ ያው ነው፤ ግን ሥሩ ላይ ነጭ ብናኝ ተኝቷል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይረባም።»

ስሬተን ከወንበሩ ብድግ አለ። «ቢራዬ…»

«አዎ፣ ቢራዎ። ከሣጥኑ ግርጌ ይህ ተጣብቆ አገኘሁት።» አንድ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት መዳፏ ላይ አሳየቻቸው። «እንዲህ ያሉ ቅርፊቶች አሁንም መስታወቶቹ መካከል አሉ። ለድግሱ ፍሪጁ ሲሞላ፣ መድኃኒቱ ዓሣው ወደ ነበረበት ወጣ። ያን ቀን ያጎዳ እናቷ ጋ ናት። ፍሪጁን የምታዝዘው አንድ ሰው ብቻ ነበረች።»

«ረስቼው ነው!» አለች ዴሳንካ። «በድግስ ግርግር! የረሳ ሰው ገዳይ ይባላል?»

«እስከዚህ ድረስ አይባልም። ግን ሣጥኑ ላይ እንደተጻፈው መድኃኒቱ ከፋርማሲ የወጣው በድግሱ ዋዜማ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ቀን ይበቃቸዋል። በሃያ ቀን ሁለት ማለቅ ነበረበት፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ግን የዚሁ ሣጥን አምስት ባዶ ነው። መድኃኒቱ መሞቱን የማያውቅ ሰው መጠኑን ከእጥፍ በላይ አያደርግም። አውቀዋል፣ እትዬ ዴሳንካ። በየጠዋቱ ቁጥሩን እያዩ የሞተ መድኃኒት ጨመሩባቸው፣ ደብተሩ ላይ ሰባት ጻፉ። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው በረዶ አድርጌዋለሁ ቢሉ ኖሮ በዚያው ቀን አዲስ ይሰጥዎ ነበር።»

ዴሳንካ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጨበጠች።

«ምን ብዬ ልንገር?» አለች። «መድኃኒት ብርድ አይንካው እያልኩ አገሩን ሁሉ ሳስተምር ኖሬ! ፋርማሲ ያለችውን ልጅ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። ነገ ይወርዳል፣ ነገ ይወርዳል እያልኩ… ከዚያ መስኮቱን ተከፍቶ አየሁ። ነፋስ ነው አልኩ። እግዜር ይመስክር፣ አምኜው ነበር። ማመን ፈለግሁ።»

«ባያመለክቱ ኖሮ ማንም አስከሬኑን አይከፍተውም ነበር» አለች ኮሳራ። በዚህ ንግግሯ ውስጥ ድል አልነበረም። በሙያዋ ብዙ ክፉ ሰው አይታለች፤ እንደዚህ መሳሳቷን መናገር ከአባቷ ሕይወት በላይ የከበዳትን ሰው ግን ማየት ያማታል። ዴሳንካን የምትከስበት አንቀጽ ቢገኝም ቅጣቱ ቀላል ይሆናል፤ ይህም አናደዳት።

ሚላዲን ከእኅቱ አጠገብ ተነሣ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«ያጎዳ… እንግዲህ የትም አትሄጂም። ቤትሽ ነው።»

ያጎዳ ወደ እሱ ዞረች። አላለቀሰችም።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አባትህ ውሃ አልበቃ አለው፣ ሐኪም እንጥራ ስልህ፣ ዴሳንካ ታውቃለች አልከኝ። እሷ ሚስትህ ገደለችው ስትልህ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅክም። ለኔ ፖሊስ አስፈለገኝ።»

«ያጎዳ፣ በሐዘን ነበርኩ…»

«እኔስ?» አለች። ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች። «እኔም አባቴ ነበር የሞተው። የሱን አርባ ዴሳንካ ትደግስልህ፣ ድግስ ታውቅበታለች።»

ከወጥ ቤቱ ስትወጣ የያዛት ሰው አልነበረም።