በቀይ እርሳስ የተከበበ ሜዳ

አንዳርጋቸው የተገኘው ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ ግንባሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ቦታው ጎንደር ፒያሳ ግድም ጣሊያን በሠራው ፎቅ ላይ ያለ የቅየሳ መሥሪያ ቤት ነበር። ሟቹ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን እያነበበ ካርታ ሲያወጣ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ነው። ልቡ ደካማ እንደ ነበረ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ስለሚያውቅ፣ ገና ሳይገነዝ «ልቡ ነው» ተብሎ ነገሩ አለቀ።

መርማሪው መቶ አለቃ ካሣዬ ግን እንዲህ በቶሎ የሚያልቅ ነገር አይወድም። ከሰው አፍ ይልቅ የሰው እጅ እውነት ይነግረኛል ባይ ስለሆነ፣ ባልደረቦቹ «መዳፍ አንባቢው» እያሉ ይቀልዱበታል። ባርኔጣውን አነሣው። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ፀጉሩ ደም ጠጥቶ ደርቋል። ከኋላው ባለው የብረት ቁም ሣጥን ጠርዝ ላይም ጥፍር የምታህል የደም ጠብታ አገኘ።

«ልብ ማጅራት ላይ ሲደማ ገና ዛሬ አየሁ» አለ።

በሟቹ ፊት ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። በላያቸው ሁለቱን ፎቶ አንድ አድርጎ ከፍታና ጥልቀት የሚያሳይ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ቆሟል። ካሣዬ ጎንበስ ብሎ ቢመለከት፣ ወንዙ ከተራራው በላይ ወጥቶ እንደ መቀነት ተጋድሞ ታየው። የራሱ አለማወቅ መሰለውና አለፈው። ማንም ምንም እንዳይነካ አዝዞ ክፍሉን አሸገ።

የነፍስ ግድያ መሆኑን በተናገረ ጊዜ የፓርቲው ተወካይ ጓድ ላቀው ለአፍታ እንኳ አላሰበም።

«እንግዲያው ያ ባላገር ነው! ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሟቹ ክፍል ሲወጣ ዘበኛው አይቶታል። አሁንም እበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የተያዘው።»

ባላገሩ አያ አላምረው ይባላሉ። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ የመጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው።

«ምነው አያ አላምረው፣ ሰው የገደለ ሰው እበር ላይ ይቀመጣል?» አላቸው ካሣዬ።

«ምን ብዬ ልሂድ፣ ጌታው? ጠዋት ና፣ ካርታውን ይዘን አብረን አለቆች ዘንድ እንገባለን ብሎኝ።»

«የምን ካርታ?»

ሽማግሌው ነገሩን አስረዱ። ሰማንያ ሁለት አባወራ ከአምባው ወርዶ፣ ከገደሉ ሥር ባለው ሜዳ ላይ በተሠራው አዲስ መንደር እስከ ሐምሌ አንድ ቀን እንዲገባ ታዟል።

«ሜዳው ለዓይን ሸጋ ነው። ግና ወይራው ሁሉ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ተጋድሟል፣ ምንጩም በየክረምቱ ቦታ ይለውጣል። አባቶቻችን ከላይ ተንዶ የወረደ መሬት ነው ብለው ከብት እንኳ አያሳድሩበትም። ያ ደግ ሰው በመነጽሩ አየና ‹እውነት ብላችኋል፤ ገደሉ ከላይ ተሰንጥቋል፣ ዝናብ ከጠገበ ይወርዳል› አለኝ። በቀይ እርሳስም ከበበው።»

ካሣዬ ተመልሶ ክፍሉን በረበረ። ቀዩ እርሳስ አለ፤ ካርታው ግን የለም።

ቀጥሎ ላቀውን ጠራው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር ይባላል።»

«አልተጣላሁም፤ አስጠነቀቅሁት። ቦታው በኃላፊው በጓድ ባዬ ፊርማ ጸድቋል፣ ቤቱም ተሠርቷል። ሰው ሊገባ ሲል ‹ይናዳል› ማለት አሻጥር ነው። አሻጥረኛ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንተም ታውቃለህ።»

«ለመሆኑ ካርታ ማንበብ ትችላለህ?»

«እኔ ውሳኔ ነው የማነብ!» አለ ላቀው፤ ጣቱን ቀስሮ።

የክፍሉ ኃላፊ ባዬ እንግዳ ማክበር የሚያውቅ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ዐርብ ዕለት በአሥር ሰዓት ወጥቻለሁ አለ። ሻይ አስመጥቶ ራሱ ሲቀዳ ግማሹ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰ።

«ሐዘን ነው፣ ይቅርታ» አለ።

ቃሉ ላይ እንዲፈርም ካሣዬ እስክሪብቶ ሲያቀብለው፣ ጣቶቹ እስክሪብቶው ጋ ሳይደርሱ አየር ጨበጡ። በሁለተኛው ሙከራ ያዘው። ሐዘን እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የባዬ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም። ካሣዬ ይህን ልብ አለና ሻዩን ጠጣ።

በመጨረሻ የቄስ ልጅ የሆነችው ካርታ ነዳፊ ወለተሩፋኤል ቀረበች። ሥራውን ያስተማራት ሟቹ ነው፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ባርኔጣ አድርጎ ይሠራ ነበር?»

«ጋሼ? ኧረ በፍጹም! ክፈፉ መነጽሩን ይነካበታል። ገና ሲገባ ነው የሚሰቅለው።»

«አንድ የመሃይም ጥያቄ ልጠይቅሽ። መነጽራችሁ ወንዝን ከተራራ በላይ ያወጣል?»

ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ፎቶዎቹ ግራና ቀኝ ከተቀያየሩ ብቻ ነው! ያኔ ገደሉ ሽቅብ ይቆማል፣ ተራራው ይሰምጣል። ጋሼ ግን እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ አይሳሳትም።»

«አርባ አንድ ቁጥር በግራ፣ አርባ ሁለት በቀኝ ነው ያሉት።»

«ያስቀመጣቸው ሰው ቁጥሩን ተከትሎ ነዋ! በዚያ መስመር አውሮፕላኑ የበረረው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አርባ ሁለት በግራ ነበር መዋል ያለበት። ቁጥር እንዲህ ስለሚያታልል ነው ሁልጊዜ በዓይናችን የምናረጋግጠው።»

«ከሦስት መቶ ፎቶ ውስጥ ያን ሜዳ የሚያሳዩት እነዚህ ሁለቱ መሆናቸውን ማን ያውቃል?»

አመነታች።

«ጋሼ፣ እኔ... ጓድ ባዬም።»

ሰኞ ጠዋት ካሣዬ አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። በአራት ሰዓት አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው። ፎቶዎቹ እንደ ተገኙ ናቸው።

«ጓድ ባዬ፣ በአለቃነትዎ እርስዎ ይቅደሙ። የሚታይዎትን ይንገሩን።»

ባዬ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

«ተራራው ከፍ ብሎ ቆሟል። ገደሉ ጥልቅ ነው፣ ወንዙም ከሥሩ ይሄዳል። ሁሉም በቦታው ነው።»

«አያ አላምረው፣ እርስዎ ደግሞ።»

ሽማግሌው ፈራ ተባ እያሉ ዓይናቸውን አስጠጉና ወደ ኋላ ተፈናጠሩ።

«በስመ አብ! ምነው ወንዛችን ተራራ ላይ ወጣ?»

ላቀውም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ወለተሩፋኤል ማየት አላስፈለጋትም፤ ባዬን ብቻ ነበር የምታየው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ካሣዬ። «ሟቹ በሥራ ላይ አልሞተም፤ ባርኔጣውን ያጠለቀለት ቁስሉን የደበቀ ሰው ነው። ፎቶዎቹንም ዘረጋለት፣ ልቡ ነው እንዲባል። አያ አላምረው ቁጥር አያነቡም። ጓድ ላቀው ቁጥር ያነባል እንጂ የትኛው ፎቶ የትኛውን አገር እንደሚያሳይ አያውቅም። ወለተሩፋኤል ታውቃለች፤ ግን መቀያየራቸውን ወዲያው ታይ ነበር። የቀረው ሥራውን የሚያውቅ፣ ስህተቱ ግን የማይታየው ሰው ነው። ሐኪሙ እንደ ነገረኝ ባለ አንድ ዓይን በዚህ መነጽር ከፍታም ጥልቀትም አያይም። ቅርብና ሩቅ ስለማይለይም ሻይ ከብርጭቆ ውጭ ይቀዳል። ጓድ ባዬ፣ እርስዎ ያዩትን አይደለም የነገሩን፤ መታየት የነበረበትን ነው። በአሥር ሰዓት ወጣሁ ማለትዎም አይረባም፤ ዘበኛው እንግዳን እንጂ አለቃን አይመዘግብም።»

ባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ግራ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ። «ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ብናገር እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ደበቅሁ። ያን ሜዳ ስፈርምበት ለጥ ያለ ሆኖ ነው የታየኝ። ለእኔ እኮ መሬት ሁሉ ለጥ ያለ ነው! አንዳርጋቸው ቀዩን ካርታ ይዞ ‹ና አብረን እንየው› አለኝ። አለማየቴ ሲገባው ጊዜ ደግሞ ‹ባዬ፣ አታይም እንዴ?› አለ። አሻጥረኛ ተብዬ ስረሸን ታየኝና ገፋሁት። እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ካርታውስ?»

«ከጠረጴዛዬ ምንጣፍ ሥር ነው። ምስጢራዊ ነው፣ ቁጥር አለው፤ ባቃጥለው የምጠየቀው እኔው ነኝ።»

ካርታው መጣ። በቀዩ ክብ ጎን፣ በሟቹ ደቃቅ ጽሕፈት «ሰው አይግባበት» ይላል። አያ አላምረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እንግዲህ ይሰጠኛ! ነገ መኪና ካገኘሁ ሐሙስ እደርሳለሁ።»

«ምኑ ነው የሚሰጠው?» አለ ላቀው። «አንደኛ ምስጢር ነው። ሁለተኛ የወንጀል ማስረጃ ነው፤ ፍርድ ሳያገኝ ከመዝገብ አይወጣም። አይደለም እንዴ፣ ጓድ መቶ አለቃ?»

ካሣዬ ሕጉን ስለሚያውቅ መካድ አልቻለም።

«እሺ፣ ሰው እንዳይገባበት ይታገድ» አለ።

«የጸደቀ ቦታ የሚታገደው በክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነው።»

ሁሉም ወደ ባዬ ዞሩ። እጁ በካቴና ታስሮ ነበር።

«እኔ ሌላ እነድፋለሁ!» አለች ወለተሩፋኤል።

«ያለ ፈቃድ ካርታ መንደፍ ለጠላት መሥራት ነው። አባትሽን አስቢያቸው።»

አቀረቀረች። ካሣዬ ካርታውን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተው፣ ሰም አቀለጠና በራሱ ማኅተም አሸገው። ያን ቀን በሥራው አፈረ። ለበላዮቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አላገኘም። በሳምንቱ ደግሞ ጻፈ፤ አርፈህ ሥራህን ሥራ የሚል ቃል በሰው ደረሰው።

ከስብሰባው በማግስቱ ሽማግሌውን እስከ መኪናው ሸኝቷቸው ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ አላምረው። ሰዉን ያስጠንቅቁት።»

«ሰዉማ ያውቃል፣ ልጄ። አምባው ላይ ያለውን ቤታችንን ሊያፈርሱብን ነው እንጂ። የሟቹን ገዳይ አገኘህ፤ ሸጋ ነው። እኛ ገና ስላልሞትን ይሆናል መርማሪ ያጣን።»

መኪናው ላይ ሲወጡ ክንዳቸውን ደግፎ አሳፈራቸው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ የዘነበ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ላቀው እየተጣደፈ ካሣዬ ቢሮ ገባ። ጫማው ጭቃ ብቻ ነው።

«ያን ካርታ አውጣልኝ!»

«ፍርድ አላገኘም።»

«ትእዛዝ ከላይ ነው። ለእርዳታ የሄዱት ሰዎች ቦታውን አጡት፤ ጭቃና ድንጋይ ነው ያለው። መንደሩ የት ላይ እንደ ነበር የሚያሳይ ሌላ ካርታ የለም።»

«ማንን ጠየቁ? አያ አላምረውስ?»

«የሚጠየቅ ሰው አላገኙም» አለ ላቀው።

ካሣዬ ፖስታውን ከሣጥን አወጣና የራሱን ማኅተም በጥፍሩ ፈነቀለው። ቀጥሎ መዝገቡን ገለጠ። «ማስረጃው የወጣበት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «መንደር ፍለጋ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።