«ንጉሥ ይሙት» ያለው ሙሽራ

ደብረ ማርቆስ ያን ዘመን ሁለት ነበረች ይላሉ ያዩዋት። አንደኛዋ ጣሊያኖች ባንዲራቸውን ሰቅለው የሚያዝዙባት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ በሹክሹክታ የምትኖር፣ ጆሮዋን ወደ ጮቄ ተራራ ያቀናች ደብረ ማርቆስ። ፍቅረ ሥላሴ በሁለቱ መካከል እንደ በር ደፍ ነበር። ሁሉም ይረግጠዋል፤ ማንም አይቀመጥበትም።

በልጅነቱ ነው ወደ እስክንድርያ ተወስዶ እዚያ ዐረብኛና ጣሊያንኛ የተማረው። ጦርነቱ ሊነሣ ሲል ሲመለስ አባቱ ሞተው፣ ቤታቸውን እንግዳ ሰው ይዞት ደረሰ። ጣሊያንኛ ማወቁ በተሰማ ጊዜ ለአስተርጓሚነት ወሰዱት። እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ይውላል፤ መልሱን ግን ይፈራዋል። የአገሩ ሰው እሱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከጥፊ ይልቅ ይሄ ያመዋል።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መኸሩ ሲሰበሰብ፣ ብሩኒ የሚባል ጣሊያናዊ ካሜራውን በበቅሎ አስጭኖ መጣ። ብሩኒ ወታደር አይደለም፤ ፊልም ሠሪ ነው። በአገሩ ትልቅ ትንሹ የሚያውቀውን አንድ የጥንት ልብ ወለድ ይዞ ነበር። ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ፤ ዘመድና ጦርነት ይለያያቸዋል፤ ልጅቱ ስትጠብቀው ኖራ ገዳም ትገባለች፤ እዚያው ትሞታለች። ብሩኒ ይህን ታሪክ ጎጃም ላይ ተክሎ፣ የዘመኑ ሰው የሚወደው ፊልም ሊያደርገው ፈለገ። መጨረሻውንም ገና ሳይጀምር ለወጠው።

«የዛሬ ተመልካች ከሰርግ ነው መውጣት የሚፈልገው» አለ። «ቀብር ቤቱም አለለት።»

ለልጅቱ የመረጣት የብርጓልን ነው፤ ገበያ ውስጥ አይቷት። የብርጓል ጮቄ ሥር ያለችው የሮብ ገበያ መንደር ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ከአክስቷ ከእትዬ ሥራነሽ ጋር ትኖራለች። ወንድሟ ደምለው ጦርነቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነው። እትዬ ሥራነሽም ስለዚሁ ነው እምቢ ማለት ያቃታቸው።

«ወንድምሽ ጫካ፣ አንቺ እምቢተኛ፤ ነገ ይቺን ቤት በእሳት ይለቋታል። ሂጂ ቁሚላቸው፤ መቆም አይገድል» አሏት።

ሄደች። መጀመሪያ ያገኘችውም አስተርጓሚውን ነው።

«አስተርጓሚው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ምኑን ነው የምታስተረጉም?»

«እሱ የሚለውን ላንቺ፣ አንቺ የምትዪውን ለእሱ።»

ብሩኒን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እኔ የምለውንስ ባትነግረው ይሻልሃል።»

ፍቅረ ሥላሴ ሳቀ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው፤ አገሩ ከገባ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

ሥራው እንዲህ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከከተማው በታች ካለው መስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ ከመጽሐፉ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እሷ በቃሏ ትይዛለች። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። ድምፁ ኋላ ሮም ውስጥ በሌላ ሰው አንደበት ይገባል። ብሩኒ ግን ከንፈሯ በእውነተኛ ቃል እንዲንቀሳቀስ ይፈልጋል።

«እዚህ ላይ ልጁ እንዲህ ይላታል» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ያለ አንቺ አንዲት ቀን መኖር አይቻለኝም፤ ነፍሴ በመዳፍሽ ውስጥ ናት።»

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ይሄ ልጅ ታሟል?»

«ፍቅር ይዞታል።»

«ፍቅር የያዘው ሰው እኛ ዘንድ እንዲህ አይለፈልፍም።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

«ደህና ዋይ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሄዳል። ጥቂት ሄዶ ዞር ብሎ ያያል። እሷ እንደቆመች ካገኛት አለቀ።»

«ብትሄድስ?»

«ብትሄድማ እሱም ይሂድ፤ ማን ይዞታል?» ሣር ነጭታ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «አማርኛህ ደግሞ የተውሶ ባርኖስ ይመስላል። ይሰፋሃል።»

«ስለብሰው ይለምደኛል።»

«እሱ ይለምድሃል እንጂ አንተ ትለምደዋለህ ወይ?»

መጽሐፉን ገለጠ፤ ያልተነበበ ገጽ የሚፈልግ መሰለ። እሷም አላጣደፈችውም። ከወዲያ ማዶ በሬዎች እህል እያበራዩ ነበር፤ የነጂው ዜማ ከነፋሱ ጋር መጥቶ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሌላው ሁሉ ሲደበዝዝበት ይህ ዝምታ አልደበዘዘበትም።

ያን ዕለት ሲለያዩ «ደህና ዋይ» አላትና መንገዱን ያዘ። ላለመዞር ለራሱ ቃል ገባ። ዞረ። የብርጓል ነጠላዋን እያጣፋች ቆማ ነበር። ወዲያው ፊቷን መለሰች፤ ግን ቆማ ነበር።

የሰርጉ ትዕይንት የተነሣው ጥር ላይ ነው። ሙሽራ እንዲሆን የታጨው ባዘዘው የሚባል የጣሊያን ምልምል ወታደር ነበር፤ ቁመናው ያማረ፣ ማማሩንም የሚያውቅ። ብሩኒ ሁሉ ነገር ትክክለኛ ይሁን ስላለ፣ ጋብቻ በማሰር የታወቁትን ሽማግሌ አያ እንዳላማውን ከሮብ ገበያ አስመጣቸው። የሁለቱ ወገን ሰው ሆኖ የሚቀመጥ ብዙ ሰውም ተሰበሰበ።

አያ እንዳላማው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና ጠየቁ። «ለጨዋታ ነው ወይስ ለእውነት? እኔ ሰማንያ ለጨዋታ አላስርም።»

ፍቅረ ሥላሴ ለብሩኒ ነገረው። ብሩኒ ካሜራው ላይ እንዳጎነበሰ «እንደ እውነት ይሁን በላቸው» አለ።

ፍቅረ ሥላሴ ቀና ብሎ «የእውነት ይሁን ብሏል» አላቸው።

አንዲት «እንደ» ነች መንገድ ላይ የወደቀችው። በእሱ ጆሮ ልዩነት አልነበረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው «እንደ» ላይ ነውና። እስክንድርያ ውስጥ እንደ እስክንድርያ ሰው፣ አሁን ደግሞ እንደ አገሬው። ለአያ እንዳላማው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው ልጅቱን ልጠይቅ። የብርጓል፣ ከዚህ ከባዘዘው ጋር ትቆሚያለሽ?»

«ሞቼ ነው የምቆመው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ባዘዘው ፊቱ ጠቆረ።

«ከማን ጋር ትቆሚያለሽ ታዲያ?»

ዓይኗ ብቻ ከመሬት ተነሥቶ አስተርጓሚው ላይ ዐረፈ፤ ተመልሶም ወደ መሬት ሄደ። አያ እንዳላማው ላንድ ሽማግሌ የሚበቃውን ያህል አዩ።

«አስተርጓሚው ይቁም» አሉ።

ብሩኒ ፀሐይ እያመለጠችው ነበርና አልተከራከረም። ባዘዘውን በእጁ ገፋ አድርጎ ፍቅረ ሥላሴን ካሜራው ፊት አቆመው። እሱም ፈገግታውን መደበቅ እያቃተው፣ ባርኖስ ተውሶ ቆመ።

«በል ተከተለኝ» አሉ አያ እንዳላማው። «የብርጓል ሚስቴ ናት።»

«የብርጓል ሚስቴ ናት።»

«እኔ ባሏ ነኝ።»

«እኔ ባሏ ነኝ።»

«ንጉሥ ይሙት በል።»

ንጉሡ አገር ለቀው ከሄዱ ወዲህ «ቃሌን ባፈርስ ንጉሥ ይሙት» ማለት የሆነውን ያን መሐላ በአደባባይ የደፈረው አልነበረም፤ በተሰደደው ንጉሥ መማል ነውና የሚያስቀጣ ቃል ነው። አንዳንዱ መስኩን ወደሚጠብቁት ወታደሮች ሰረቅ አድርጎ አየ። ፍቅረ ሥላሴም ቃሉን ያውቀዋል፤ አባቱ ቤት በልጅነቱ ሰምቶታል። ሆኖም ካሜራው ይሽከረከራል፤ የብርጓል አጠገቡ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ንጉሥ ይሙት» አለ።

ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት እልል አለች፤ እልልታዋ መጨረሻ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ብራቮ!» አለ ብሩኒ። «ምንድን ነው ያስባሉህ?»

«ንጉሥ ሺህ ዓመት ይንገሥ ማለት ነው» አለው ፍቅረ ሥላሴ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሥራነሽ ቤት ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ከደጁ ወጣ።

«እሰይ ሙሽራው! ገና በማግስቱ ባዶ እጅህን ትመጣለህ? ከተማርክበት አገር ጥሎሽ የለም እንዴ?» አለች ማንጠግቦሽ የምትባል ጎረቤት።

ፍቅረ ሥላሴ ሳቀ። «ተይ እንጂ! ፊልም እኮ ነው፤ ጨዋታ ነው።»

ማንም አብሮት አልሳቀም። ዞር ሲል የብርጓል በሩ ላይ ቆማለች። ፀጉሯን እንደ አዲስ ሙሽራ ተሠርታለች።

«ንጉሥ ይሙት ያልከው ማን ነበር?» አለችው፤ በቀስታ።

«እኔ... አያ እንዳላማው በል ስላሉኝ...»

«ለእውነት ነው ብለህ የነገርካቸው አንተ ነህ።»

የወደቀችው ቃል ያን ጊዜ ታወሰችው። «ስሕተት ነው። ስመልሰው ነው የተሳሳትኩ።»

«እኔስ?» አለች። «እኔም ስሕተት ነኝ?»

አይደለሽም ሊል ነበር። አፉ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ነበረ፤ አንዱም አልወጣለትም። የብርጓል ጥቂት ጠበቀችው፤ ሲያቅተው ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። ከቀትር በፊት ከአያ እንዳላማው ጋር ወደ ሮብ ገበያ ተነሣች። ፍቅረ ሥላሴ መንገዱ ዳር ቆሞ አያት። እሷ አልዞረችም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ወታደሮች መጥተው ከተማውን ወደሚያዝዘው ጣሊያናዊ ሻለቃ ግቢ ወሰዱት። ባዘዘው እዚያ ቆሟል። ብሩኒ ወንበር ላይ ተኮራምቷል። እትዬ ሥራነሽ ለምስክርነት ተጠርተው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«ይህ ወታደር የሰርጉን መሐላ ተርጉሞልኛል» አለ ሻለቃው። «ንጉሥ ይሙት ብለሃል። የትኛው ንጉሥ?»

ፍቅረ ሥላሴ ወጥመዱን አየው። የእናንተው ካለ ሞቱን ተመኝቷል፤ የእኛው ካለ የተሰደደውን ንጉሥ ንጉሤ ብሏል።

ብሩኒ ከወንበሩ ተነሣ። «ሻለቃ፣ ይህ እኮ ፊልም ነው! ትርጉም የሌለው ቃል ነው።» ወደ ፍቅረ ሥላሴ ዞሮም «ጨዋታ ነበር በልና ወደ ሥራህ እንሂድ» አለው።

ቀላል ነበር። ያችኑ ቃል ከጎረቤት ፊት እየሳቀ ብሏታል። አሁን ቢደግማት ነጻ ይወጣል፤ የብርጓል ግን ዳግመኛ ሚስቱ አትሆንም፤ ትዳሯን በአደባባይ የካዳት ይሆናል። ወደ እትዬ ሥራነሽ አየ። ሴትዮዋ መሬት መሬት ያያሉ፤ ጆሯቸው ግን እሱ ላይ ነው።

«ጨዋታ አልነበረም» አለ።

«ምን?»

«የጋብቻ መሐላ ነው። ባሏ ነኝ።»

ብሩኒ ራሱን ያዘ። ሻለቃው ወደፊት አጎነበሰ። «ሽማግሌው ናቸው ያስማሉህ?»

«ሽማግሌው ያልኳቸውን ነው ያሉት። ቃሉ የእኔ ነው።»

«ልጅቱስ?»

«እሷማ ጨዋታ መስሏት ነበር» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ለእሷ ጨዋታ ነበር፤ ለእኔ ነው እውነት።»

ይህን በጣሊያንኛ ነበር የተናገረው። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው ወደ እትዬ ሥራነሽ ዞሮ በአማርኛ ደገመው፤ አንዲት ቃል ሳይጥል። እትዬ ሥራነሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ወሰዱት። በቆላው ዳር፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት እስር ቤት ውስጥ አቆዩት። እዚያ ሌሎቹ እስረኞች የሚያወሩት ስለ እህል ነበር፤ ስለ ውሃ። እሱ ስለ ጮቄ ብርድ ያስብ ነበር። አንዳንዴ ይጠራጠራል፤ ያ መስክ፣ ያ የማበራያ ዜማ፣ ያች ልጅ በእርግጥ ነበሩ ወይ? ወይስ ከብሩኒ መጽሐፍ አንብቤው ነው? ደግሞስ ከካዳት ሰው አንዲት ዘግይታ የመጣች ቃል ብትደርሳት ምን ሊጠቅማት? እንዲህ ሲል ይውልና ማምሻውን ያችኑ «ባሏ ነኝ» ለራሱ ይላታል። እሷ ባትሰማም ባሏ ነው።

ጣሊያን በተባረረ ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከስቶና ሸብቶ በእግሩ ሮብ ገበያ ደረሰ። ጮቄ በጉም ተሸፍኗል። የአያ እንዳላማውን ቤት ጠየቀ፤ ሞተዋል አሉት። የብርጓልን ጠየቀ፤ ያቻትና ማሳ ላይ አሉት።

ገብስ ታርማለች። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው። ጠርዙ ላይ ቆመ። ስሟን መጥራት ፈራ። ኋላ እሷው ቀና አለች። ዓይኗ ፊቱ ላይ፣ ሽበቱ ላይ፣ የሰንሰለቱ ጠባሳ ላይ ቀስ እያለ ዞረ። ካፊያው ገብሱ ላይ ይንሾካሾካል።

«ለእሷ ጨዋታ ነበር ብለህ መስክረሃል አሉ» አለችው በመጨረሻ።

«እንዳይነኩሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ዋሽተሃል ግን።»

«ዋሽቻለሁ» አለ። ከዚያ «ተፈታሁ» አላት።

የብርጓል አረሟን ጣለች። «ማን ፈታህ?»

«አርበኞቹ መጥተው... በሩን ሰብረው...»

«እነሱ ምን አግብቷቸው!» አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ እሱ መጣች፤ ባዶ ትከሻው ላይም ነጠላዋን ጣል አደረገችለት። «እኔ መች ፈታሁህ?»