የሮማኑ ቅርንጫፍ

«ይቺን ቦታ ያገኘኋት ብቻዬን ስዞር ነው» አለች ሎጋ፣ የዛገውን የብረት በር እየገፋች። «የሚያውቃት ሰው ያለም አይመስለኝ።»

ከተማሪዎቹ ሰልፍ መጨረሻ የቆመችው ክብሪት ይህን ስትሰማ ቆሽቷ አረረ። ክብሪት ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በትንሽ ነገር ቦግ ስለምትል። የዛሬው ነገር ግን ትንሽ አልነበረም። ቦታዋን ለሎጋ ያሳየቻት እሷ ናት። እሷን ደግሞ በልጅነቷ እጇን ይዛ ታመጣት የነበረችው አክስቷ ናት። አክስቷ ዓምና ካረፈች ወዲህ ክብሪት ሆድ ሲብሳት የምትሸሸው ወደዚህ ነው። ሎጋንም ያመጣቻት ሆድ ለሆድ ስለሚተዋወቁ፣ ያውም «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ አስምላት ነበር።

የትምህርት ቤቱ የጉብኝት ክበብ ዘንድሮ ሰው ሁሉ የሚጎርፍባቸውን ታላላቅ ግንቦች ትቶ፣ በአሮጌው ከተማ ጓሮ ለጓሮ የተረሱ የሕዝብ አትክልት ቦታዎችን እየፈለገ ይጎበኛል። አዲስ ቦታ ያገኘ ተማሪ የዕለቱ አስጎብኚ ይሆናል። ሎጋ መሐላዋን የበላችው ለዚህች ክብር ነው።

ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከበሩ ወዲህ ግን የጥንቱ ግንብ ቀዝቃዛ ጥላውን ዘርግቷል። መሐል ላይ ውሃ ያቆረ የድንጋይ ገንዳ፣ ከገንዳው አጠገብ ደግሞ ዕድሜ ያጎበጠው የሮማን ዛፍ አለ። ሁለት የሰፈር ልጆች፣ እህትማማቾች፣ ገንዳው ላይ የቅጠል ጀልባ ያንሳፍፋሉ።

«ሎጊዬ፣ አንቺ እኮ አደገኛ ነሽ!» አለ አንዱ ተማሪ በአድናቆት። ክብሪት ጥርሷን ነከሰች።

መምህሩ ግንቡ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ሊያሳዩ ተማሪዎቹን ይዘው ወደ ማዶ ዞሩ። ሎጋ ወደኋላ ቀረት ብላ ስልኳን ለክብሪት ዘረጋችላት።

«እስቲ አንድ ፎቶ አንሺኝ።»

«ትንሽ አታፍሪም?»

«አታካብጂ ባክሽ! ቦታው እንደሆነ የሕዝብ ነው።»

ይህን ብላ ዘላ የሮማኑ ቅርንጫፍ ላይ ጉብ አለች። ቅርንጫፉ ቀጭ አለና ከነፍሬው ተገንጥሎ ወረደ። ሎጋ ብድግ ብላ ቀሚሷን አራገፈች።

የቦታው ዘበኛ ድምፁን ሰምተው በሩ አጠገብ ካለችው ክፍላቸው እየሮጡ ደረሱ። ሁለቱን ባለዩኒፎርም ተማሪዎች አልፈው፣ ዓይናቸውን አቧራ በለበሱት እህትማማቾች ላይ አፈጠጡ።

«ስንቴ ልንገራችሁ! ውጡ! ሁለተኛ እዚህ በር ድርሽ ትሉና!»

«ጋሼ፣ እኛ አይደለንም» አለች ታላቅየዋ። ታናሽየዋ ማልቀስ ጀመረች። ዘበኛው ግን ከመጤፍ አልቆጠሯቸውም፤ እየነዱ አስወጥተው በሩን ዘጉባቸውና እያጉረመረሙ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሎጋ ዘበኛው እስኪርቁ ጠበቀች። ከዚያ የክብሪትን ክንድ ያዘች።

«በናትሽ እንዳትናገሪ። ሼም ነው፣ ሁሉም ይስቅብኛል። እህትሽ አይደለሁ?»

የክብሪት ደም ፈላ። ከግንቡ ማዶ የመምህሩ ድምፅ ይሰማል። አሁን ብትጮህ ሁሉም ይሰማል፤ የሎጋ ውሸትም፣ የቅርንጫፉ ነገርም አንድ ላይ ይወጣል። የሎጋን ፊት ቲማቲም መስሎ በሐሳቧ አየችውና ደስ አላት። እንዲህ ደስ ማለቷ ደግሞ መልሶ አስደነገጣት። በበሩ ብረቶች መሐል ታናሽየዋ ልጅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ውስጥ ታያለች።

«አልጮህም» አለች ክብሪት። «ግን ዘበኛው ጋ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ከመጣሽ አንቺው ትናገሪያለሽ። ካልመጣሽ እኔ እናገራለሁ።»

«ከዚያስ? እንደ ድሯችን እንሆናለን?»

«እሱን እንጃ። አሁን ዓይንሽን ማየት አልፈልግም።»

ክብሪት የተገነጠለውን ቅርንጫፍ ከመሬት አነሳች። ከነፍሬው ከብዷታል። ወደ ዘበኛው ክፍል ስትራመድ ከኋላዋ ኮቴ ይከተላት እንደሆነ ዞራ አላየችም። በሌላው እጇ የክፍሉን በር አንኳኳች።