ስክሪን የማይነኩ አንባቢዎች

«የድረ ገጽሽ ጎብኚዎች ሰዎች አይመስሉም» የሚል ደብዳቤ የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት፣ ካቻቢቴ በጥርሴ ነክሼ አንድ የስፌት ማሽን ስፈታ ነው። ሳቅሁ። ሰኞ የሳቅሁበትን ሐሙስ አለቀስኩበት።

የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ሙያውንም ሱቁንም ያወረሰኝ አባቴ ነው። እሱ ሲያርፍ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት እንዳይቀበር ብዬ፣ እያንዳንዱን ብልሽት በፎቶና በጽሑፍ የማስረዳበት ድረ ገጽ ከፈትኩ። ክር የሚበጣጠስበት፣ መርፌ የሚሰበርበት፣ መንኮራኩሩን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ የሚንሸራተትበት ሰው ሁሉ በኢንተርኔት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን ገጽ ሆነ። ጽሑፎቼ ሁሉ በአባቴ ሕግ ይጀምራሉ፦ «ስልክህን ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርገህ ከጎንህ አቁመው፤ በዘይት እጅህ ንጹሕ ነገር አትንካ።»

የሱቁን ኪራይ የሚሸፍንልኝ ገጹ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን የሚያስገባው፣ ያንን የሰኞ ደብዳቤ የላከልኝ ድርጅት ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ነጥብ ይሰጣል። በፍለጋ ስንተኛ ላይ እንደሚወጣ፣ አንባቢው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ቆይቶስ ምን እንደሚያደርግ ያያል። ነጥብ ሲወርድ ክፍያ አብሮ ይወርዳል። ሐሙስ የእኔ ነጥብ ገደል ገባ፤ ከስሜ አጠገብም ቀይ ምልክት ተቀመጠ።

አክስቴ ወሬውን እንደሰማች ደወለች።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሱቁን ዝጊና እኔ ጋ ነይ። ጨርቅ ትሸጭልኛለሽ። አልጋሽን አነጥፋለሁ።»

«አታንጥፊ፣ አክስቴ» አልኳት። አፌ ደፋር ነው፤ ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ለወሩ መጨረሻ የቀሩትን ቀናት ቆጠርኩ።

በማግስቱ አንድ ረጅም ሰው የእናቱን ማሽን እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። እስከ ክርኑ ዘይት በዘይት ሆኗል።

«ይቅርታ፣ የሱቁ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እርስዎ የሚባለው አባቴ ነበር፤ እኔ አንቺ ነኝ። ማነው ይቺን እንዲህ ያሰቃያት?»

«አንድ ድረ ገጽ ነው ያሳሳተኝ» ብሎ ስልኩን አወጣ። የእኔው ገጽ ነው!

«የአብዬን ወደ እምዬ! ቺንጋውን ከማጥበቅህ በፊት መንኮራኩሩን አላላ ይላል። ዘለኸዋል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኛ።»

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። አፍሮ መሰለኝ።

ያበላሸው ራሱ ስለሆነ ራሱ ይጠግናል ብዬ ፈረድኩበት። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ መጣ። እናቱ ያለ ማሽኗ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቤቱን በሙሉ ስታጥብ እንደምትውል እየነገረኝ ያስቀኛል። አንድ ቀን ብሎን ሳቀብለው ጣቶቻችን ተነካኩ። ብሎኑን እኔም አልለቀቅሁም፣ እሱም አልተቀበለኝም። ማታ ቤቴ ስገባ ወድጄዋለሁ አልኩ፤ ለራሴ መዋሸት አልችልበትም።

በአምስተኛው ቀን ሥራው መሐል ላይ ድንገት ቆመ። ስልኩ ገጼን እንደከፈተ ከጎኑ ተደግፎ ቆሟል።

«ምነው ደነዘዝክ?»

«ስልኬን ከነካሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«አንድ ሰዓት አልፎታል። በዚህ እጅህ ብትነካው ደግሞ እኔ ነበርኩ የምነካህ።»

አልሳቀም። ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ቀዩን ምልክት ያደረግሁብሽ እኔ ነኝ» አለ። «እዚያ ድርጅት ገምጋሚ ነኝ። አንባቢዎችሽ ገጹን ከፍተው አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ስክሪን ሳይነኩ ይቆያሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የኮምፒውተር ማጭበርበሪያ ነው ብዬ ፈረድኩ። ለካ እጃቸው ዘይት ነው! አትንኩ ያልሻቸውም አንቺው ነሽ!»

«ገጹ የእኔ መሆኑን መቼ አወቅህ?»

«በመጀመሪያው ቀን። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል…»

«እናም አምስት ቀን ሙሉ ዓይንህን በጨው አጥበህ ፊቴ ተቀመጥክ። ውጣልኝ።»

ወጣ። ማሽኑ ግን ቀረ። የተናደድኩት ስለወደድኩት ነው፤ ባልወደው ኖሮ አንድ ሁለቴ ሰድቤው እተኛ ነበር።

ጠዋት ሱቄን ስከፍት ላፕቶፑን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምልክቱን አሁኑኑ ላነሣልሽ እችላለሁ። አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም።»

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የአክስቴ የጨርቅ ጥቅሎች ዓይኔ ላይ መጡብኝ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር።

«ተው» አልኩት በመጨረሻ። «አባቴ የጠገነውን ማሽን ራሱ ሰፍቶ ደህና ነው ብሎ አያውቅም። ባለቤቱን አስቀምጦ ያሰፋው ነበር። የእኔንም ሌላ ሰው ይየው። ገጼ ራሱን ችሎ ይቆማል።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ላይደርስ ይችላል።»

«ካልደረሰ ጨርቅ እሸጣለሁ።»

ጉዳዩን ለሌላ ገምጋሚ የሚያስተላልፍበትን ቅጽ ከፈተ። ያየውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ጻፈ። አንድ ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«‹ከድረ ገጹ ባለቤት ጋር ያለህ ግንኙነት› ይላል። ምን ልጻፍ? ደንበኛ ልበል?»

ቀና ብሎ አየኝ። አየሁት። ከዚያ እጄን በጨርቅ ደህና አድርጌ ጠረግሁና ላፕቶፑን ወደ እኔ ስቤ «እጮኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ቅጽ ላይ ውሸት መጻፍ ከሥራ ያስባርራል እኮ።»

«እንግዲያው እውነት አድርገዋ።»

«እሺ ትይኛለሽ?»

«ጽፌልህ የለም እንዴ?»

በሰባተኛው ቀን ቀዩ ምልክት ተነሣ። ነጥቡም ወደ ቦታው ተመለሰ። አዲሷ ገምጋሚ ከውሳኔዋ በታች እንዲህ ጽፋልኛለች፦ «ገጽሽን ከፍቼ የእህቴን ማሽን ጠገንኩ። ስልኬን አልነካሁም።» ደብዳቤውን ከአባቴ ፎቶ ስር ለጠፍኩት።

ወሩ ሲያልቅ አክስቴ ጋ ሄድኩ፤ ለጥየቃ። በሩን ከፍታ አቀፈችኝና በትከሻዬ ላይ አሻግራ ያንን ረጅም ሰው አየችው።

«አልጋ ያነጠፍኩት ለአንድ ሰው ነው። ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ጎብኚዬ ነው» አልኳት። «ሰው መሆኑን አረጋግጫለሁ።»