የቁም ሳጥኑ ዝምታ

ይህን የምጽፈው ላሳምናችሁ ብዬ አይደለም። ያላመነ ይለፈው። እኔ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት... ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። መኝታ ቤቱን ፀሐይ ሞልቶታል፤ ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣ ያፏጫል። ሰው የሚፈራበት ሰዓት አይደለም።

መጀመሪያ ግን ስለ ሥራችን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ለልጆች ተረት ታነባለች። እንጀራዋ ነው። ስቱዲዮ የሚባል ነገር የለንም፤ መኝታ ቤታችን ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ሰፊ ቁም ሳጥን አለ፣ እሱ ነው ስቱዲዮአችን። ካፖርትና ብርድ ልብስ ስለሞላው ድምፅ አያስተጋባም። ማይክሮፎኑን ይዛ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ታነባለች። እኔ ውጪ ኮምፒውተሩ ጋ ሆኜ እቀዳለሁ። ከዚያ አጸዳለሁ።

ማጽዳት ምን መሰላችሁ... ማንኛውም ክፍል የራሱ ዝምታ አለው። ባዶ ነው ስትሉት እንኳ ውስጡ ሽሽሽ የሚል ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ማንም የሌለበትን ክፍል ትንሽ ትቀዱና ፕሮግራሙን "ይህን የመሰለ ነገር ካገኘህ ከንባቡ ላይ አንሳልኝ" ትሉታላችሁ። እኔ ቤቱን የተከራየን ሰሞን ባዶውን ቁም ሳጥን ቀዳሁ። ከዚያ ወዲህ ንባቧን ሁሉ ያጸዳሁት በዚያው ዝምታ ነው።

በቅርቡ ግን የባለቤቴ ድምፅ መሳሳት ጀመረ።

የምታሠራት ሴትዮ ደወለች። "እኔ የምልሽ፣ ድምፅሽን ምን ነካው? ከግድግዳ ጀርባ ሆነሽ የምታነቢ ነው የሚመስለው። እንዲህ ከቀጠለ ሌላ አንባቢ መፈለጌ ነው።"

ባለቤቴ ስልኩን ዘጋች። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ደህና ነሽ ብሏታል። እሷ ግን ከቁም ሳጥኑ በወጣች ቁጥር ዝላ አልጋው ላይ ትወድቃለች። ምሳ ላይ ስታወራኝ እንኳ ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር።

ፈራሁ። ያቺን ሴት ያገባኋት በድምፅዋ ነው። እሱ ሲሄድ እሷም አብራ እየሄደች መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ሰው ሲታመም ዕቃ የሚገዛ ዓይነት ሞኝ ነኝ። ምናልባት እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት፣ ማዳመጫዬ ነው ጥፋተኛው ብዬ "ጆሮ" ጋ ሄድኩ።

"ጆሮ" ያገለገሉ የድምፅ ዕቃዎች የሚሸጥ ወዳጃችን ነው። ስሙን ማንም አይጠራውም። ጠባብ ሱቁ ውስጥ አንድ ያረጀ ሶፋ አለች፤ እሷ ላይ ያስቀምጥህና ጆሮህ ላይ ሄድፎን ደፍቶ ፊትህን ያነባል።

ሁለት ኮንቨርተር ፊቴ ደረደረ። ኮንቨርተር ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ወደ ድምፅ የሚመልስ ሳጥን ነው።

"ይሄኛው ሞቅ ያለ ነው" አለኝ የመጀመሪያውን እየነካካ። "ቅጂህ መጥፎ ቢሆን እንኳ ያሳምርልሃል።"

"ያኛውስ?"

"ያ ገመና አይሸፍንም።" ሳቀ። "ሰው ገዝቶት በሳምንቱ ይመልሰዋል። የሚወዱትን ዘፈን ሁሉ አስጠላቸው።"

አምፑም፣ ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን ማለት ነው፣ ያው ነው። ራቁቱን የቀረ የብረት ሳጥን፤ መብራት የለው፣ ጌጥ የለው። "ውስጡ ምንም የለም ብትል ይቀላል" አለኝ። "መሀል ላይ የቆመ ነገር በበዛ ቁጥር ድምፅ ይጎዳል፣ ገባህ? እዚህ መንገዱ ባዶ ነው። የሚመጣውን የሚከለክል ነገር የለም።"

ሁለቱን እያቀያየረ አሰማኝ። የመጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ሲያዳምጡት እንቅልፍ የሚያስመኝ። ሁለተኛው ሲገባ ግን ክራሩን የሚመታው ሰው ጥፍር ተሰማኝ። ከጀርባው ያለው ዝምታ ጥልቅ ነበር፣ እጅህን ብትከትበት የሚገባ።

"ገመና የማይሸፍነውን ስጠኝ" አልኩት።

"ምን ፈልገህ ነው ግን?"

"የሚስቴን ድምፅ።"

ቀልድ መሰለውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት... ገጣጥሜው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ገላዋን እየታጠበች ነው። የትላንቱን ንባብ፣ ገና ያልጸዳውን ከፈትኩ።

አቤት ጥራቱ! የገጹ መገለጥ። የከንፈሯ መላቀቅ። ከዚያ ልታነብ ትንፋሽ ሳበች...

ትንፋሽ ተሳበ።

ሁለቴ።

መለስኩና ደገምኩት። አንድ የእሷ። አንዱ ደግሞ ከበስተግራዋ፣ ከካፖርቶቹ በኩል... ከእሷ እኩል ሊሆን ትንሽ የቀረው።

ሽቦውን ቀየርኩ። አለ። አሮጌውን አምፕ ሰካሁ፤ ጠፋ። አዲሱን መለስኩ፤ አለ።

የቆዩ ንባቦች ሁሉ ጸድተው ነው የተቀመጡት፤ ዋናዎቹን ቦታ እንዳይዙ አጥፍቻቸዋለሁ። ያለፈው ወር አንድ ንባብ ብቻ በስህተት ሳይጸዳ ቀርቶ ነበር። ከፈትኩት። እዚያም አለ፤ ግን ራቅ ብሎ፣ ከጥጉ።

እየተጠጋት ነበር።

ባለቤቴ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ገባች።

"ትላንት ስታነቢ አጠገብሽ ማን ነበር?" አልኳት።

"ካፖርትህ" ብላ ሳቀች። አፏ ሲስቅ አየሁት እንጂ ሳቋ አልተሰማኝም።

"ጆሮ"ን ደወልኩለት። ቁርሱን አቋርጦ መጣ፤ መጀመሪያ እያሾፈ። "ገና በመጀመሪያው ቀን ልትመልሰው ነው?" ሄድፎኑን ሰጠሁት። አዳመጠ። ፊቱ እየተለወጠ ሄደ።

"ዝምታውን የቀዳህበት አለ?" አለኝ ዝቅ ብሎ።

"አለ። ማንም የሌለበት ነው እኮ።"

"ክፈተው።"

ሄድፎኑን መሀላችን አድርገን አንዱን ጎን እሱ፣ አንዱን ጎን እኔ ጆሯችን ላይ ለጠፍነው።

መጀመሪያ ሽሽሽ... ከዚያ ያን ቀን ከቁም ሳጥኑ የራቀው የራሴ እርምጃ።

ከዚያ ትንፋሽ።

ቀስ ያለ። ረጋ ያለ። የተደበቀ ሰው አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ትንፋሽ ነው።



"ይሄን ነው ዝምታ ያልከው?" አለኝ "ጆሮ" በሹክሹክታ።

"ፕሮግራሙ ይሄን ከንባቧ ላይ ሲያነሳልኝ ነው የኖረው..."

"ትንፋሹ ከእሷ ትንፋሽ ጋር ከተቀላቀለስ? የማንን ያነሳል?"

ፕሮግራሙ የተነሳውን ብቻ ለይቶ ማሰማት ይችላል። ማንም አይጠቀምበትም፤ ቆሻሻ ማን ያዳምጣል? የትላንቱን ንባብ አጸዳሁና ቆሻሻውን ከፈትኩ።

የባለቤቴ ድምፅ ነው።

ሙሉ። ወፍራም። ያገባኋት ጊዜ እንደነበረው።

ተረቱን ግን አታነብም።

"ስማኝ... እዚህ ነኝ... ኧረ በሩን ክፈትልኝ... አንተ..."

"ጆሮ" ሄድፎኑን ለቀቀውና እግሬ አውጪኝ አለ። የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም። ከደረጃው ሥር ጮኾ "ዕቃውን እንዳትመልስልኝ!" ሲል ሰማሁት።

"ማን ነበር?" አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት።

ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ። ከፊቱ ትንፋሽ የለ፣ ከኋላው ትንፋሽ የለ። እኔ አጽድቼ የምልከው ንባብ ራሱ።

ሮጬ ቁም ሳጥኑን በረገድኩት። ካፖርቶቹን ዘረገፍኩ። ብርድ ልብሶቹን ጎተትኩ። ግድግዳ ነው። ደበደብኩት፤ ድፍን ግድግዳ።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። ፈገግ ብላለች። ደክሟት አያውቅም ትላላችሁ። ከዚያ ቀን በኋላም አልደከማትም። ሴትዮዋ ደውላ "ተመስገን፣ ድምፅሽ ተመለሰ!" አለቻት።

እኔ ግን ቆሻሻውን አዳምጣለሁ። በየቀኑ። ጠዋት ላይ፣ ሚስቴን የምትመስለው ያቺኛዋ ወጥ ቤት ስትሆን። ቆሻሻው ውስጥ ያለችው ግን በሰማኋት ቁጥር ትርቃለች። "በሩን ክፈትልኝ" የሚለው ቀርቶ "አንተ" ብቻ ሆነ። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ኮንቨርተር፣ ከዚህ የበለጠ ባዶ አምፕ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሻጮቹ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምወድ ይጠይቁኛል። የ"ጆሮ" ሱቅ ተዘግቷል። አዲስ ገዝቼ በሰካሁ ቁጥር ለአንድ ቀን ቀረብ ትልና ተመልሳ ትሄዳለች።

በመጨረሻ ድምፅዋ ጠፍቶ ትንፋሿ ብቻ ቀረ።

ምን ላድርግ? መልስ ሳልሰጣት እንድትሄድ አልፈለግኩም። ዛሬ ጠዋት መቅጃውን ከፍቼ ማይክሮፎኑን ይዤ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ጨለማውና የካፖርቶቹ ሽታ ብቻ ነው ያለው።

"እሰማሻለሁ" አልኳት። "የኔ ዓለም፣ ይቅርታ... እሰማሻለሁ።"

ምንም የለም። አለቀስኩና ወጣሁ።

ቅጂውን በዚያው ዝምታ አጸዳሁት። የጸዳው ላይ ድምፄ አለ፤ ጥርት ያለ፣ ልቅሶ የሌለበት። የተነሳውን ከፈትኩ።

ልቅሶዬ እዚያ ነበር። እና እሷ... እንደ ድሮዋ አጠገቤ፣ ጆሮዬ ሥር።

"ለምን ገባህ?" አለችኝ። "ለምን ገባህ?"

ያን ጊዜ ያቺኛዋ ከወጥ ቤት "ቁርስ ደርሷል!" ብላ ተጣራች።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

"መጣሁ" አለ ከወጥ ቤት በኩል የራሴ ድምፅ። ወንበር ተሳበ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ሁለቱም ሳቁ።