«ተበላሽቷል» የሚለው ወረቀት

ካቻቪቴ ፈጣኑን ቻርጀር ከጠገነው አራት ቀን ሆኖታል። «ተበላሽቷል» የሚለውን ወረቀት ግን አላነሳውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እዚህ ሞኙም ወረቀቱም ተገናኝተዋል።

ካቻቪቴ ብለው ስም ያወጡለት የመኪና መሸጫው ሠራተኞች ናቸው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ፣ ኪሱም ካቻቪቴ አጥቶ ስለማያውቅ። የግቢው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሱ ነው። ከመሸጫው ጎን ለማንም ክፍት የሆኑ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሮች አሉ። አንዱ መኪናን በግማሽ ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሻጮቹ ቻርጅ ሊያደርግ የሚመጣውን ሰው ዓይኑን ማየት አይፈልጉም፤ መኪና አይገዛ፣ ቦታ ይይዛል። ካቻቪቴም አይወድም ነበር፣ ሲስተር እስክትመጣ ድረስ።

ሲስተር ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምታክም ነርስ ናት። ፈጣኑ በተበላሸ ሰሞን አንድ ቀን በአሥር ሰዓት መጣች፣ የክሊኒኩን ትንሽ መኪና ዘገምተኛው ላይ ሰካች፣ ግንባሯን መሪው ላይ እንደደፋች እንቅልፍ ጣላት። ሲሞላላት መስኮቱን አንኳኩቶ ቀሰቀሳት። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ግን አልተኛችም። ቀኑን ሙሉ ስለምትወጣው ደረጃ፣ ስለሚቆጧት በሽተኞች፣ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው አባቷ ነገረችው። እሱ ደግሞ ሻጮቹን አንድ በአንድ እያስመሰለ አሳቃት። ስትስቅ ድካሟ ከፊቷ አይጠፋም፤ ሳቁም ድካሙም አብረው ይቀመጣሉ። ካቻቪቴ በዚያ ፊት ተሸነፈ።

እንግዲህ መለዋወጫው መጥቶ ፈጣኑ ሲጠገን፣ እጁ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ተመለሰ። ወረቀቱ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት፤ ሰክታ፣ ነቅላ፣ ውልቅ ትላለች። «ነገ አነሳዋለሁ» አለ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ። ሰዎች ሲያማርሩ «ዕቃ እየጠበቅን ነው» ማለት ጀመረ። እንዲህ ሲል ያፍራል፤ አፍሮም አያነሳውም።

ፈጣኑ በተጠገነ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲስተር ዓይኗ አብጦ መጣች። አባቷ ትናንት ወድቀዋል። የምትጠብቃቸው ሴት በአሥራ አንድ ሰዓት ትሄዳለች፤ ብቻቸውን ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ እግራቸው ከዳቸው፣ ልጃቸው እስክትደርስም አንድ ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ተኝተው ቆዩ። አልተሰበሩም። ክንዳቸው ግን ተልጧል።

«ፈጣኑ ቢሠራ ኖሮ አሥራ አንድ ሳይሞላ ቤቴ እገባ ነበር» አለች። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ስስቅ አባቴ ወለል ላይ ነበር።»

ማንም የሚያውቅበት አልነበረም። ወረቀቱን ቀዶ ጥሎ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አስቦትም ነበር። ነገር ግን ያ የደከመ ፊት ፊት ለፊቱ ነው ያለው።

«ፈጣኑ ይሠራል» አላት። «ከጠገንኩት አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ወረቀቱን ያላነሳሁት እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

አንድ ሻጭ ከውስጥ ሲስቅ ይሰማል።

«ብትጠይቀኝ እኮ» አለችው፣ «ለአባቴ ሰው ፈልጌለት እቀመጥ ነበር።»

መኪናዋ ሳይሞላ ነቅላ ሄደች።

ወረቀቱን ያን ቀን አነሳው። እሷ ግን ሁለት ሳምንት አልመጣችም። ኋላም የመጣችው ሌላ ቦታ ያለው ቻርጀር ሩቅ ስለሆነባት ነው እንጂ እሱን ብላ አይደለም። ፈጣኑ ላይ ትሰካለች፣ እንቅልፍ እንዳይወስዳት ከመኪናዋ ወርዳ ትቆማለች፣ ሰላም አትለውም። ክሊኒኩ በሽተኛ ስለጨመረባት አሁን ከቻርጁ በኋላም እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ትዞራለች። ይህን የሰማው አለቃዋን በስልክ ስትለምን ነው፤ ልመናዋም አልሰመረላትም።

በሦስተኛው ቀን ጠጋ አለ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ እወጣለሁ። አንቺ እስክትገቢ አባባ ጋ ልቀመጥ። ስትገቢ እሄዳለሁ።»

«አባቴ ሰው አይወድም።»

«እኔንም የሚወደኝ ብዙ የለም። እንስማማለን።»

አልሳቀችም። ሰው ሲደክመው ግን እንቢ ማለትም ይደክመዋል፤ ቤቷን ነገረችው።

ቃሉን ጠበቀ። እሷ ስትገባ እሱ ይነሳል፣ «ደህና እደሪ» ብሎ ይወጣል። አባትየው ነገሩን ሁሉ ከልጃቸው ሰምተው ስለነበር የመጀመሪያውን ሳምንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከረሙ። በሁለተኛው ጥፍራቸውን አስቆረጡት። በሦስተኛው አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ይቆጡት ጀመር።

አንድ ቀን ሲስተር በሩን ከፍታ ስትገባ፣ አባቷ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ የወደቅኩት ውሃ ጠምቶኝ ነው፤ ማንም አልገፋኝም። መዋሸትህ ነውር ነው፣ አልደብቅህም። ይቺ ልጅ ግን በነዚያ ቀናት እየሳቀች ነበር ቤት የምትገባው። አሁን እናንተ ስትኮራረፉ የሚደክመው እኔ ነኝ።»

ካቻቪቴ የሚገባበት ጠፋው። እንደ ልማዱ ተነሳ፣ «ደህና እደሪ» አለ፣ ወደ በሩ ሄደ። ሲስተር ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች፤ አላሳለፈችውም።

«ሾርባ አለ፣ አሙቀህ አብላልኝ» አለችው።

«እሺ።»

«አንተም ብላ። እወድሃለሁ። ግን አሁን በጣም ደክሞኛል፣ ልተኛ፤ ስነሳ እናወራለን።»