የቲቸር ዑበይዱላህን ዓይን ማን ከደነው?

ቲቸር ዑበይዱላህ በእንግሊዝኛ መማሪያው ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ደግሞ፣ ዕድል ሲከፋ፣ ባልደረባው አስረስ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣ ሰው ሁሉ ከሬሳው አስቀድሞ የተመለከተው እሱን ነው።

ትናንት እኮ እዚሁ በር ላይ ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም። ዑበይዱላህ ዐረብ አገር ለሚሄዱት «አሞኛል»፣ «ሻንጣዬ ጠፋብኝ» የሚለውን እንግሊዝኛ በቃል ያስጠናል፤ አስረስ ደግሞ «ያለ ሰዋስው ቋንቋ የለም!» ባይ ነው። በዚያ ንዴት «አንድ ቀን ሳልገድልህ አልቀርም!» ብሎ ጮኸበት፤ ሐይቅ ከተማ ሰማ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይኸው ካቴና ገባለት፤ ሚስቱ የሺሀረግም ደጅ ላይ ደረቷን ትደቃለች።

ከደሴ የመጣችው ኢንስፔክተር ሀዲያ መጣደፍ አታውቅም። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ የበሩ ደፍ ላይ ነው። እሱ ግን ክፍሉ መሐል በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ዓይኑ ተከድኗል፣ አገጩ በራሱ ፎጣ ታስሯል፣ ፊቱም ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ ዞሯል።

«ማን ነካው?»

«ወላሂ እኔ አልገባሁም!» አለች ተማሪዋ ዙለይሃ፤ ከሐይቅ ወጥታ የማታውቅ፣ ለጉዞ ገና የምትዘጋጅ ልጅ ናት።

«እኔም የመጣሁት ከሰው ጋር ነው» አለ ሌላው ተማሪ ማህዲ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከዱባይ የተመለሰው ባለፈው ሳምንት ነው።

«እኔ ጮኽኩ እንጂ እጄን አላሳረፍኩበትም» አለ አስረስ። የገዛ ድምፁ ለራሱ እንኳ የውሸታም ድምፅ መሰለው። አለቀልኝ፣ አለ በሆዱ።

ሀዲያ ሰዓቷን አየች። «የዙህር ሶላት ደረሰ። ቤቱ ዞሮብኛል፤ ወደ መካ መስገጃው፣ ቂብላው በየት ነው?»

ዙለይሃ ጥቁር ሰሌዳውን አሳየች።

«ልክ ናት፣ ማህዲ?»

የማህዲ እጅ ወደ በሩ ተነሣ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። «አዎ… ልክ ናት።»

ሰግዳ ስትመለስ ሦስቱንም አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ የሺሀረግንም አስገባቻት።

«ዑበይዱላህ የወደቀው ደፉ ላይ ነው፤ ወደ መሐል የተጎተተው ኋላ ነው። ሌባ ዓይን አይከድንም፣ አገጭ አያስርም። ይህን ያደረገው የሚወደው ሙስሊም ነው።»

«አስረስ ለማስመሰል አድርጎትስ ቢሆን?» አለ ማህዲ።

«አስረስ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ከኛ ጋር ስንት ጎረቤት ቀብሯል። የኛ ሬሳ ወዴት እንደሚዞር አይጠፋውም። እዚህ ቂብላ ሰሜን ነው፣ ሰሌዳው ያለበት። ዑበይዱላህ ግን ወደ ፀሐይ መግቢያ ዞሯል። ከዱባይ መካ በምዕራብ ናት፤ እዚያ ሰው የሚሰግደው ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ይሠራል፣ ልጄ። ቅድምም እጅህ ቀደመህ።»

ማህዲ ከአግዳሚው ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

«ያ ረቢ! ልገድለው አልነበረም! ዐረብ ቤት ዘበኛ ነበርኩ፤ ከዐረብኛ ሌላ አላውቅም። እዚያው ዱባይ አንድ ሆቴል ሊቀጥረኝ በእንግሊዝኛ በስልክ ሊፈትነኝ ነው። እዚህ መሬት የለኝ፣ ሥራ የለኝ! በኔ ስም መልስልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ዛሬ ብናገርልህ፣ ነገ ሥራው ላይ ማን ይናገርልሃል?› አለኝ። ገፋሁት… ትንፋሹ ሲጠፋ እንዲሁ ጥዬው መሄድ አቃተኝ።»

ካቴናው ከአስረስ እጅ ወደ ማህዲ እጅ ዞረ። የሺሀረግ «ተመስገን!» ብላ ባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን ዓይኑን ከልጁ ላይ መንቀል አልቻለም።

«ምነው እኔን ብትጠይቀኝ? እኔ እኮ እናገርልህ ነበር!»

ማህዲ እንባውን በትከሻው ጠረገ።

«እርስዎንማ ፈራሁዎት፣ ቲቸር። ስለምንዎት እንኳ ሰዋስው እሳሳታለሁ ብዬ።»